ደረጃ ቆጣሪው

አፉላ፣ ጊቫት ሃሞሬ ዳገቱ ላይ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም፣
አርባ ስምንት ደረጃ።
ማን ቆጠረው ብትሉኝ ወንድሜ ሸጋው፣
በእግሩ ሳይሆን በጆሮው።

እሱ ዘጠኝ፣ እኔ ስድስት፣ ሕፃኗ ጡት ያልተወች።
እናታችን የሌሊት ፈረቃ፣ ዶሮ ስትበልት ታድራለች።
አባታችን ሲመጣ
እግሩ ካፉ ቀድሞ ይናገር ነበር።
ፈጠን ካለ ደህና ነው፣ ዳቦ ይዟል።
ከጎተተ፣ ቆም ካለ፣ ግድግዳውን ካሻሸ
ሸጋው በጨለማ ጣቱን ያነሣና
«አሥራ ስድስት። ተነሺ።»
ከአሥራ ስድስት እስከ አርባ ስምንት ያለችው ጊዜ
ሕፃን አቅፎ ቁም ሳጥን ለመግባት ትበቃለች።
በሩን የሚዘጋብን እሱ ነበር፣
ከውጭ።

አባቴ ክፉ ነበር አልልም። አልችልም።
እዚያ በሀገሩ ደም ያስታርቅ የነበረ ሰው፤
እዚህ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር
«አንብብልኝ» ብሎ ልጁን የሚጠራ፣
አንብቦለት ሲጨርስ
ማንበቡን ይቅር የማይለው።

ጎረቤት አልሰማም አይባልም። ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገ።
እኛም ገመና ነው ብለን ሸፈንን፤
የሸፈኑት እንደሚሻግት ማን ነግሮን።

ትምህርት ቤት ስሙን ቆርጠው «ሻይ» አሉት።
ሌሊቱን ዘብ ያደረ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ቢያንቀላፋ
አስተማሪዋ በቀይ ጻፈች፦ «አያዳምጥም።»
ደብዳቤውን ለአባቴ ያነበበለት
ራሱ ነው።

አባቴ ሞተ። ቤት ቀየርን። አሁን ምድር ላይ ነን፣
ከመንገድ በቀጥታ የሚገባበት፣ አንድም ደረጃ የሌለው።
ሸጋው ሃያ ሦስት ሞላው፤ ከጦሩ ወጥቶ መጋዘን ሣጥን ይደረድራል።
መጀመሪያ ምግቡን እያሸተተ ተወ፣
ቀጥሎ ስልኩን በፎጣ ጠቀለለ፣
ከዚያ አንድ ሌሊት አልጋዬ አጠገብ ቆሞ
ጣቱን አነሣ።
«አሥራ ስድስት። ተነሺ።»
ልናገር? ተነሣሁ።
እጄ የቁም ሳጥኑን እጀታ ሲዳብስ ነው የባነንኩት።

አክስቴ የሺመቤት «ዛር ነው» አለች፣
«ስሙን ጠይቁት፣ ስሙን ካወጣ ይለቀዋል።»
ስሙን ሁላችንም እናውቅ ነበር።
ማንም አልጠራውም።

ሐኪሟ በዕብራይስጥ ጠየቀች፣ እኔ መሐል ተቀምጬ አሻገርኩ፦
በልጅነቱ የደረሰበት ነገር አለ?
እናቴ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፤
«ምንም። ደህና ነው ያደገው። ዝምተኛ ልጅ ነበር።»
«ክሉም» አልኩ። ምንም ማለት ነው።
በሁለቱም ቋንቋ አጭር ቃል ነው፣ ባንድ ትንፋሽ ያልቃል።
ከዚያ እናቴ ያላለችውን ጨመርኩ፤
አርባ ስምንቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወረድኩላት።
እናቴ ዕብራይስጥ አትሰማም።
ግን አለቀሰች።

ሐኪሟ አለች፦ የተመታ ሁሉ አይታመምም፣
የታመመ ሁሉም አልተመታም፤
ሆኖም የልጅ ትከሻ የተሸከመው
ሲያድግ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።
እኔስ? አልኳት። ያው ቤት፣ ያው ሌሊት፣ ያው እግር።
ብዕሯን አስቀመጠች። አልመለሰችም።
መልሱን ግን አውቀዋለሁ፤
እኔ ቁም ሳጥን ነበረኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እጠይቀዋለሁ። መድኃኒቱ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፣
ከንፈሩን ያደርቀዋል፤ ሱፍ አመጣለሁ፣ መፈልፈል አቅቶት
እኔ ፈልፍዬ መዳፉ ላይ አኖርለታለሁ።
«የለም በይው» ብለውኛል፣ «ድምፁ የለም።»
ትናንት ጣቱን ሲያነሣ ግን የለም አላልኩትም።
«ተኛ» አልኩት፤ «ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ፣ እኔ እቆጥራለሁ።»
ብዙ አየኝ።
በስንት ጊዜው ጣቱን አወረደ፣
ወደ ግድግዳው ዞረ፣
ከብርድ ልብሱ ሥር፣ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ፦
«አርባ ሰባተኛው ጫፉ ተሸርፏል፤
ድምፁ ይለያል።
እሱን እንዳትስቺው።»